የዘነበች ፎቶ
ፎቶ እያነሳሁ አገር ለአገር ስዞር አንድ ቀን ኮዬ ፈጬ ደረስኩ። ከአንድ ጅምር ሕንፃ ስር ሲሚንቶ የምታቦካ ዘነበች የምትባል ወጣት አገኘሁና፣ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቁጭ ብለን ተጫወትን። ፎቶ ላንሳሽ ስላት ደስ አላት። "ቆይ ፊቴን ልታጠብ፣ ልብሴንም ልቀይር። ለእናቴ እልክላታለሁ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ፊቷ ላይ ያለውን አቧራ ወድጄዋለሁ። "እንደዚሁ ነው የሚያምረው" ብዬ አነሳኋት።

በሳምንቱ ፎቶውን አሳጥቤ ወሰድኩላት። አየችውና መልሳ ሰጠችኝ። "እናቴ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ታለቅሳለች" አለች። "በይ አሁን እንደፈለግሽው ላንሳሽ" ብላት፣ "ተወው፣ ስራ ይዣለሁ" ብላ ባልዲዋን አነሳች። ፎቶውን ያየ ሁሉ ያደንቅልኛል። አምስት ደቂቃ ብጠብቃት ምን እሆን ነበር?