እናታችን አልጋ ሥር ያለው ባትሪ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ መካኒክ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ለቆመ መኪና ባትሪ የትኛው ቻርጀር ይሻላል?»

«ትንሹ። ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ትልቁን ሰክተህ ከረሳኸው ባትሪውን ያቃጥልብሃል። መኪናው የማን ነው?»

«የታላቅ ወንድሜ፤ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ይደውልና ‹ክላክሱን አሰሙኝ› ይለናል።»

«ጎሽ! መኪናውንም አልፎ አልፎ አስነሳው።»

«መኪናውማ ተሸጠ። ጫኖ ላለው ሙዛችን የውኃ ፓምፕ ገዛንበት።»

«ታዲያ ክላክሱ?»

«እሱንና ባትሪውን ፈተን አስቀረናቸው። እናታችን አልጋ ሥር ናቸው።»

«ወንድምህ የመጣ ዕለትስ?»

«እየጸለይን ነው።»

ሹፌሩ ክላክሱን ሲነካው፣ መኪናው አለ ወይ ብዬ የታክሲውን ወለል በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደረግኩት።