ከአዲስ አበባ የመጣው ጋኔን

ከቡሬ ወረድ ብሎ ያለው ጠበላችን የሚፈልቀው ፏፏቴ ሥር ስለሆነ፣ እኛ ለበሽታችን የከተማ ሰው ለፎቶው እንጋፋበታለን። ያን ዕለት የታመመ ጉልበቴን ይዤ ከማለዳ ጀምሮ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ባለመኪና ጎረምሳ በቁምጣ ሁላችንንም አልፎ ዘሎ ገባ። ውኃው እንደ በረዶ ነውና ጮኸ፤ ተንቀጠቀጠ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጠበል ነክቶት የጮኸ ሁሉ ጋኔን አለበት። ሰዉ አፈፍ አድርጎ ያዘው፤ አጥማቂው አባም መስቀላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

"ከየት መጣህ?"

"ከ... ከአዲስ አበባ!"

"ምን ልታደርግ?"

"ልዝናና!"

"ሰማችሁ? በሰው ገላ ሊዝናና! ትወጣለህ አትወጣም?"

"እወጣለሁ! በናታችሁ ልቀቁኝ!"

"ሁለተኛ እንዳትመለስ፣ ማል!"

ማለ። በአንድ እጁ ቁምጣውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ሽቅብ ሲሮጥ ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እኔም ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ እልል አልኩ። ኋላ ግን አሳዘነኝና ወደ አባ ጠጋ ብዬ፣ "አባ፣ ልጁ እኮ ጤነኛ ነው፤ ሊዋኝ ነው የመጣው" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ጠፍቶኝ መሰለሽ? እነዚህን ከተሜዎች ክረምት ከበጋ ብንለምናቸው መቼ ወጡልን? በይ አሁን ግቢ፣ ተራሽ ደርሷል።"