ከፊደሎቹ ሥር

ጉም ባሕሩን በዋጠበት አንድ የበጋ ማለዳ፣ ወይዘሮ ሄልቪ ሻንጣቸውን ይዘው በትንሿ ደሴታቸው መሳፈሪያ ላይ ቆመው ነበር። የመርከቧ ሞተር ድምፅ ከማይታይ ቦታ ቀረበ፤ ውሃው ከመሳፈሪያው እንጨት ሥር ተናወጠ፤ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። መርከቧ አልቆመችም።

ከቱርኩ ከተማ የሚነሱት የደሴቶቹ መርከቦች የሚቆሙት፣ ቀደም ብሎ በስልክ መተግበሪያ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ወይዘሮ ሄልቪ ትናንት መመዝገባቸውን ያስታውሳሉ፤ ወይም የሚያስታውሱ መስሏቸዋል። በዚህ በጋ መርከብ ሲያልፋቸው የመጀመሪያው አልነበረም። አእምሮዬ እየከዳኝ ነው ብለው አምነዋል። ዛሬም የሚሄዱት ከተማ ውስጥ ያለውን የአረጋውያን ቤት አይተው፣ ደሴቷን ለመልቀቅ ነበር።

ከጉሙ ውስጥ የመቅዘፊያ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ አንዲት ጀልባና አንድ መነጽሩ የረጠበ ወጣት ብቅ አሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ የቲዩኔ ደሴት ነው?»

«የቲዩኔንማ ካለፍከው ቆይተሃል። የማን ልጅ ነህ?»

«የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ኦትሶ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተማ ነው የምሠራው።»

«የተማረ ሰው በጉም ይቀዝፋል?»

«ጉም እስኪገፈፍ መጠበቅን የሚያስተምሩ ዕለት ቀርቼ ነው።»

ወይዘሮ ሄልቪ ሳይወዱ ፈገግ አሉና ገመዱን ተቀብለው አሰሩለት። ጥቁር ዳቦና የተጨሰ ዓሣ ለመንገድ ቋጥረው ነበር፤ በመሳፈሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ፈቱት።

«እርስዎስ? መርከቧ አሁን አለፈች እኮ» አለ ወጣቱ እየበላ።

«ሳልመዘገብ ቀርቼ ነው። እረሳለሁ።»

«ተመዝግበው እንደሆነስ?»

«ሰው ይረሳል እንጂ መርከብ አይረሳም።»

ኦትሶ ማኘኩን ተወ። «መተግበሪያውን ከሠሩት አንዱ እኔ ነኝ። እስቲ እንዴት እንደሚመዘገቡ ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ ሄልቪ ስልካቸውን አውጥተው ስማቸውን፣ የመሳፈሪያውን ስምና የከሰዓቱን መርከብ በጥንቃቄ ጻፉ። ሲጨርሱ ስልኩን አግዳሚው ላይ ደፉት።

«በቃ?»

«በቃ። የምፈልገውን ተናገርኩ፤ የቀረው የእነሱ ፈንታ ነው።»

«‹ላክ› የሚለውንስ?»

«የቱን ላክ?»

ወጣቱ ስልኩን ገልብጦ ከፊደሎቹ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነካ። የስክሪኑን ግማሽ ይዞ የነበረው ኪቦርድ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ታች ሰመጠ። በነበረበት ቦታ፣ ውሃ ሲጎድል እንደሚታይ ድንጋይ፣ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ ወጣ። «ላክ» ይላል።

ወይዘሮ ሄልቪ ዓይናቸውን ከቁልፉ መንቀል አቃታቸው። በጋውን ሙሉ የጻፉት ሁሉ ከእጃቸው ሳይወጣ ቀርቷል ማለት ነው። ድሮ ለመርከበኛው የሚደውሉት ሟቹ ባላቸው ነበሩ። ይህን ግን ለወጣቱ አልነገሩትም።

«እንግዲያው በእርጅናዬ ላይ ሞኝነት ተጨመረበት» አሉ። «አታጽናናኝ።»

«ማጽናናቴ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ኪቦርዱ እንዲሰወር ማድረግ ነበረብን። ባዶ ቦታ ሲነካ እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል ብለን ተውነው።»

«ሁሉም ያውቃላ፤ ከእኔ በቀር።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንስ ይነግረኛል? በእኛ ደሴቶች መርከብ ያለፈው ሰው አለፈኝ ብሎ አያወራም። ቢጠይቁት ‹ሐሳቤን ለወጥኩ› ብሎ ቤቱ ይገባል። በገዛ ጉድለቱ ጎረቤት አያስቸግርም። እንዲህ ነው ያደግነው።»

ኦትሶ ትንሽ አሰበ። «አክስቴ ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ሻንጣዋን ይዛ ከመሳፈሪያው ተመለሰችና ‹ጥርሴ ተሻለኝ› አለችኝ። ጉንጯ እንደ ዳቦ ተነፍቶ!»

«ቲዩኔ?» ወይዘሮ ሄልቪ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ያቺ ሁሉን አውቃለሁ ባይ?»

«እሷም ‹ከእኔ በቀር› ብላ ይሆናል። ክብር ነው ይላሉ፤ ግን ይኸው ክብር እርስዎን ከቤትዎ ሊያስወጣዎት ነው። እናንተ ዝም ስትሉ እኛ ከተማ ተቀምጠን ሁሉ ደኅና ነው እንላለን።»

«መጮህ አላስተማሩንም።»

«መጮህ ይቅር። መናገር።»

ጉሙ በመሳፈሪያው ላይ ቀስ እያለ ያልፍ ነበር። ባሕሩና ሰማዩ አልተለዩም፤ ሁለቱም በነጭ ሕልም ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ወይዘሮ ሄልቪ የተረፈውን ዳቦ መልሰው እየቋጠሩ ጠየቁ።

«ብናገርስ ምን ታደርጋለህ?»

«ጽፈው ሲጨርሱ ኪቦርዱ በራሱ እንዲወርድ አደርጋለሁ። ‹ላክ› የሚለውም ከፊደሎቹ በላይ ይሆናል፤ ምንም አይሸፍነውም። እስከዚያ ግን ባዶውን ቦታ ይንኩ።»

«ያልተጠየቁበትን መንካት አያስነውርም?»

«የሰው ቤት ግድግዳ አይደለም እኮ፣ እማማ። ይንኩት!»

ነኩት። ፊደሎቹ ሰመጡ። ሰማያዊውን ቁልፍ ሲጫኑ «ተመዝግበዋል» የሚል ቃል መጣ፤ በጋውን ሙሉ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

«በጀልባዬ ላድርስዎት?» አለ ወጣቱ ሲነሣ።

«አይሆንም። መርከቧ ትቆም እንደሆነ ማየት አለብኝ። አንተ የፀሐይዋን ጭላንጭል በግራህ አድርገህ ቅዘፍ።»

ከሰዓት በኋላ መርከቧ ከጉሙ ወጣች፤ አፍንጫዋንም ወደ ወይዘሮ ሄልቪ መሳፈሪያ አዞረች።

«ወደ ቱርኩ ነው?» አላቸው መርከበኛው።

«አይደለም። የከተማውን ቀጠሮ ሰርዤዋለሁ፤ ቲዩኔ ዘንድ ነው የምሄደው።» ከዚያ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «መርከቧ በጋውን ሙሉ ስታልፈኝ ነበር። ኪቦርዱ ቁልፉን ሸፍኖብኝ መላክ አልቻልኩም ነበር።»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ።

«እኔንም» አሉ።

ኦትሶም ቃሉን ጠበቀ፤ ቅጠል ሳይረግፍ መተግበሪያው ተስተካከለ። የደሴቶቹ ሰዎች ሐኪምና ገበያ በጊዜው ይደርሱ ጀመር። አንዱ ሲቸግረው ለጎረቤቱ ስለሚነግር፣ የመተግበሪያው ሠሪዎችም የቱ ቦታ እንደሚያስቸግር ሰሙ። የራሱን አእምሮ በከንቱ የሚጠረጥርም ቀረ። በረዶ ባሕሩን ባለበሰው ጊዜ፣ ከቲዩኔ ቤት ሆኖ ለሚያይ፣ በወይዘሮ ሄልቪ መስኮት መብራት ነበር።