ፊሽካው ለምን መጣ

(በገደል በር ቀበሌ፣ በቃሬዛ ማኅበሩ ዕቃ ቤት፣ ረፋድ ላይ፤ ጡረታ የወጡት መምህርት ይታክቱ የቃሬዛ ሸራ ይጠግናሉ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ላቀው የማኅበሩን ታሪክ ረቂቅ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል፤ ደጅ ላይ ወደ ወረዳ የምትሄድ መኪና ትጠብቃለች።)

ይታክቱ፦ «በዘመናዊ አሠራር ተተካ» የምትለዋን ሰርዛት። ሌላው እንዳለ ይሁን።

ላቀው፦ እትዬ ይታክቱ፣ ሃያ ሁለት ገጽ አንብበው አንዲት መስመር ላይ ይቆማሉ?

ይታክቱ፦ ሃያ ሁለቱ ላይ ያልቆምኩት እውነት ስለሆኑ ነው።

ላቀው፦ ሾፌሩ እኮ ሞተሩን አላጠፋም። ማተሚያ ቤቱ ረቂቁ ዛሬ ካልደረሰኝ ለእሑዱ የማኅበሩ በዓል አላደርስም ብሏል። ይፈርሙልኝና ልሩጥ።

ይታክቱ፦ ሩጥ። ሳልፈርም ሩጥ።

ላቀው፦ የመሥራቹ ባለቤት ሳትፈርም አይታተምም ያለው ኮሚቴው ነው። እኔ ተላላኪ ነኝ።

ይታክቱ፦ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የልጅ ደብተር ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የአንተንም ጨምሮ። ስህተት ሳይ እጄ አይታዘዘኝም። ያን ወፍራም መርፌ አቀብለኝ። እሱን አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን።

ላቀው፦ ይኸው። ትንሽ ቢቀመጡ ምናለ? እርስዎ ሲነሡ ሲቀመጡ እኔም ደከመኝ።

ይታክቱ፦ ተቀምጬ መስፋት አልችልም። ሸራው ካልተወጠረ በሽተኛው መሐሉ ላይ ይሰምጣል። ይልቅ መጀመሪያውን ምን ብለህ ነበር የጻፍከው? አንዴ ንገረኝ።

ላቀው፦ አሁን አነበቡት እኮ።

ይታክቱ፦ ከአፍህ ልስማው።

ላቀው፦ ከሠላሳ ዓመት በፊት ደብሬ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ጠናባት። አራት ሰዎች አልጋ ላይ አድርገው ወደ ጤና ጣቢያ ተሸክመዋት ወጡ። ወንዙን ሲሻገሩ ትከሻቸው ዛለ፤ የሚቀበላቸው አልነበረም። አንዱ ሰው ሊጠራ ሲሮጥ፣ ሦስቱ ውሃው ዳር ተቀምጠው ሲጠብቁ ሞተች። ባለቤትዎ ጋሽ ስማቸው ከቀብሯ ሲመለሱ ለአንድ በሽተኛ ስንት ትከሻ ያስፈልጋል ብለው መንገዱን በእርምጃ ለኩት። ሃያ አራት ሰው፣ ስድስት ቡድን። በየዋርካው ሥር «ተካ» ሲባል ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ከትከሻ ወደ ትከሻ ያልፋል። ይሄ ነው።

ይታክቱ፦ ደህና ነው። የመጀመሪያው ቃሬዛ ከምን ተሠራ አልክ?

ላቀው፦ ከአሮጌ የቤተ ክርስቲያን በር።

ይታክቱ፦ ከእኛ አልጋ ነው። እግሮቹን ቆርጦ ወሰደው። ሦስት ወር መሬት ላይ ተኛን። በሩን ማን ነገረህ?

ላቀው፦ አያ ደባሽ።

ይታክቱ፦ እሱ ቀልድ አያልቅበትም። አጫዋች የነበረ ሰው ሲነግርህ ግማሹን መተው አለብህ።

ላቀው፦ አጫዋቹንማ ሳልጽፍ አላለፍኩም። በሽተኛው ራስጌ እየሄደ ሲያጫውተው፣ መልስ ካጣ «ዝም አለ» ብሎ ሲጮህ፣ ተሸካሚው ሁሉ ሲሮጥ። አያ ደባሽ ሲያጫውት ያልሳቀ በሽተኛ የለም ይባላል።

ይታክቱ፦ የሚስቁት ቶሎ ደርሰው ከእሱ ለመገላገል ነው። አንዷ አራስ ጤና ጣቢያ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ሰው ከበር ውጭ አድርጉልኝ ብላ ነው። እሱንም ጻፈው፤ እውነት ነው።

ላቀው፦ እሺ እጽፈዋለሁ። ሰሙ፣ ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሩን ማለቴ ነው።

ይታክቱ፦ ሰምቻለሁ። አሁን ስለ ጥሩምባ የጻፍከውን ንገረኝ።

ላቀው፦ እትዬ።

ይታክቱ፦ ንገረኝ።

ላቀው፦ ሦስት አጭር ከሆነ ታማሚ አለ ማለት ነው። ዕርፍ የጨበጠም፣ ራሱን የሚታጠብም እንዳለ ጥሎ ይሮጣል። አንድ ረጅም ከሆነ ሰው ሞቷል። ያኔ ሰው ሥራውን ይቋጫል፣ ቤቱ ገብቶ ይታጠባል፣ ልብሱን ይለውጣል፣ አካፋና ዶማ ይዞ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ይታክቱ፦ ከዚያስ?

ላቀው፦ ከዚያ በፊሽካ ተተካ።

ይታክቱ፦ ዝም ብሎ። ሃያ አንድ ዓመት ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ማኅበር አንድ ጠዋት ተነሥቶ እንደ ኳስ ዳኛ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። አንባቢ ለምን አይልም?

ላቀው፦ ይበል። መልሱ የአባቴ ስም ነው።

ይታክቱ፦ ስሙን ጻፍ አላልኩህም።

ላቀው፦ ሳልጽፈውስ? «ጥሩምባ ነፊው ተሳሳተ» ብል ገደል በር ስንት ጥሩምባ ነፊ ነበራት? አንድ አዝመራው። እስካሁን ነገሩ በሰው አፍ ላይ ብቻ ነበር። ከታተመ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። የልጄ ልጅ ክፍል መሐል ቆሞ ያነበዋል።

ይታክቱ፦ አባትህ እንዴት ነው?

ላቀው፦ እንዴት ይሆናል። ይህን ታሪክ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ምግቡን ገፋ ያደርገዋል። ስመጣ ይጠብቀኝና «ፊሽካው ጋ ደርሰሃል?» ይላል። ገና ነኝ ስለው ይተኛል። ትናንት ደርሻለሁ አልኩት። እሑድ ልምጣ ወይስ ልቅር ብሎ ጠየቀኝ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከልጁ ፈቃድ ይጠይቃል።

ይታክቱ፦ ምን አልከው?

ላቀው፦ እትዬ ይታክቱን ላነጋግር አልኩት። ስምዎን ስጠራ ወጥቶ ሄደ። እትዬ፣ ሰው ምን እንደሚለው እርስዎም ይሰማሉ። ገበያ ላይ ሲያስል «ማን ሞተ?» ይሉታል። ልጆቹ ሳይቀሩ። ሳቁ አያልቅባቸውም፤ ዘጠኝ ዓመት።

ይታክቱ፦ እሰማለሁ።

ላቀው፦ አንድ ቀን ተው ብለው ያውቃሉ?

ይታክቱ፦ አላውቅም።

ላቀው፦ በጋሽ ስማቸው ለቅሶ ቀን ጉልበትዎ ላይ ሲወድቅ ፊትዎን አዞሩበት። ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ በኋላ ማን ምስክር ይፈልጋል? ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስድብ ይመለሳል፣ ይታረቁበታል። እርስዎ ምንም ሳይሉት ቀሩ። ይኸው ወደ ወፍጮ ሲሄድ በእርስዎ ደጅ ላለማለፍ ቁልቁለቱን ይዞራል፤ በዚያ ጉልበቱ።

ይታክቱ፦ መኪናዋ ጮኸች።

ላቀው፦ ትጩህ።

ይታክቱ፦ ለበዓሉ አይደርስም አላልክም?

ላቀው፦ ብያለሁ። አሁን ይቅር። መልስ እፈልጋለሁ።

ይታክቱ፦ ስማቸው የታመመ ቀን አንተ የት ነበርክ?

ላቀው፦ ኮሌጅ። በስልክ ነው የሰማሁት።

ይታክቱ፦ አባትህ ምን ብሎ ነገረህ?

ላቀው፦ ሦስት መንፋት ሲገባኝ አንድ ነፋሁ አለኝ። እጄ ነው አለ። ለምን ስለው አይመልስም። እስከ ዛሬ አይመልስም።

ይታክቱ፦ ምን እንዳየ አልነገረህም?

ላቀው፦ ምን ያያል?

ይታክቱ፦ እስቲ አስብ። ምንም አላለም? አንዲት ቃል? ጠጥቶ ሳለ፣ ተቆጥቶ ሳለ?

ላቀው፦ ምንም። እጄ ነው ብቻ።

ይታክቱ፦ እኔ እኮ ቢያንስ ለእናንተ፣ ለልጆቹ፣ ነግሯችኋል ብዬ ነበር። ስታልፉ ሰላም የምትሉኝ አዝናችሁልኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ውሃ አቀብለኝ።

ላቀው፦ ይኸው። ይቀመጡ።

ይታክቱ፦ ተወኝ፣ ቆሜ ይሻለኛል። ቤታችንንና የቤተ ክርስቲያኑን ጉብታ ታውቀዋለህ፤ ፊት ለፊት ነው፣ መሐሉ ገደል። ኅዳር ነበር፣ ነፋስ ያለበት ቀን። ስማቸው ጤፍ ሲከምር ቆይቶ ገባ። ተቀመጠና ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል አለ። ወደ ጎኑ ወደቀ። ይተነፍስ ነበር። እጁን ይዤ ነበር፣ አውቃለሁ።

ላቀው፦ እሺ።

ይታክቱ፦ ነጠላዬን ከተሰቀለበት ነጥቄ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጥኩ። አባትህ ማዶ ጥሩምባውን አንገቱ ላይ አድርጎ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ታሞብኛል ብዬ ጮህኩ። ደጋግሜ ጮህኩ። ነፋሱ ወሰደው። አባትህ ቀና አለ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ረጅሙን ነፋ።

ላቀው፦ ለምን?

ይታክቱ፦ አብዷል አልኩ። እንዲያው ማበዱን ላሳየው ይመስል እጄን ዘርግቼ ራሴን አየሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄዋለሁ። ሰፊ ቀይ ጥለት ነበረው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ጉንጬን ይነካኛል። ሬሳ ቤቷ ያጋደመች ሴት እንደምትለብሰው። ለማዶ ሰው ድምፅ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ጥለት ነው።

ላቀው፦ እትዬ።

ይታክቱ፦ ያየውን ነው የነፋው። እኔ ነኝ የነገርኩት፣ በልብሴ።

ላቀው፦ ወዲያው አገላብጠው አላሳዩትም?

ይታክቱ፦ አገላበጥኩ። አውለበለብኩ። እሱ ግን አቀርቅሮ ነበር፤ ለጓደኛው እያለቀሰ። ተመልሼ ስገባ ስማቸው ዓይኑን ገልጧል። ጥሩምባውን ሰምቷል። አንድ ረጅም መሆኑን ቆጥሯል፤ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደል? ማን ሞተ አለኝ።

ላቀው፦ ምን አሉት?

ይታክቱ፦ አላውቅም አልኩት። ሰዎቹ ታጥበው፣ ለውጠው፣ ዶማቸውን ይዘው ሲደርሱ አንድ ሰዓት አልፏል። በሕይወት ሲያገኙት ዶማውን ጥለው አነሡት። እንደዚያ ቀን ሮጠው አያውቁም። አራተኛው ዋርካ ላይ፣ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ እየታየ፣ አጫዋቹ «ዝም አለ» ብሎ ጮኸ።

ላቀው፦ አባቴ ይህን ሁሉ ያውቃል?

ይታክቱ፦ ጥለቱን ከእሱ በላይ ማን አየ? «ነጠላዋን አይቼ ነው» ቢል በአንድ ቃል ይገላገል ነበር። ጉልበቴ ላይ ሲወድቅ ይናገራል ብዬ ፈራሁ፤ ፊቴን ያዞርኩት ለዚያ ነው። አልተናገረም። ፊሽካውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ሣጥን። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ራሱ ይንፋ፣ ማንም ማዶ ሆኖ የሰው ልብስ እንዳያነብ ብዬ። ሰው አዝመራውን ልትቀጣ ነው አለ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ተመቸኝ።

ላቀው፦ ነጠላው በችኮላ ነው የተገለበጠው። ማንም ሰው...

ይታክቱ፦ በችኮላ ይሁን፣ ወይም ልቤ ቀድሞ ቀብሮት ይሁን፣ እሱን አትጠይቀኝ። እሱ የእኔ ነው፤ ለመጽሐፍ አይሆንም። የቀረውን ግን ጻፍ።

ላቀው፦ እትዬ፣ እንተወው። መልስ ስጠይቅዎት የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። «በዘመናዊ አሠራር» ብለን እንለፍ። አባቴን እኔ አሳምነዋለሁ፤ እሑድ ከጎኔ ይቀመጣል።

ይታክቱ፦ አሁን ደግሞ አንተ ልትሸሽግልኝ ነው?

ላቀው፦ ሰው ይዞርብዎታል። ያን ገበያ ያውቁታል። አባቴ ቢያንስ ወንድ ነው፣ ቁልቁለቱን ዞሮ ይሄዳል። እርስዎ ብቻዎን ነዎት፤ ልጅ የለዎት፣ ወንድም የለዎት። ነጠላ ለብሰው ደጅ በወጡ ቁጥር ይጠቋቆሙብዎታል።

ይታክቱ፦ ይጠቋቆሙብኛል ብለህ ነው የፈራህልኝ። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ነጠላ ስለብስ አንድ ቀን ጥለቱን ሳላየው ቀርቼ አላውቅም፤ ከዚያ የባሰ የሚጠቁም የለም።

ላቀው፦ አባቴም አይወድም። ይህን ያህል ጊዜ የደበቀውን እኔ በእጄ ጽፌ ባወጣው...

ይታክቱ፦ ይቆጣሃል። ተቆጥቶ ምግብ ይበላል። ወረቀቱን እዚህ ሸራው ላይ አድርገውና ጻፍ፤ ጠፍጣፋ ነው።

ላቀው፦ ሾፌሩ ሄደ መሰለኝ።

ይታክቱ፦ አልሄደም፣ ጭሱ ይታየኛል። ጻፍ። «በዚያ ቀን ጥሩምባ ነፊው አዝመራው በሕጉ መሠረት ያየውን ነፋ።»

ላቀው፦ «...ያየውን ነፋ።» እሺ።

ይታክቱ፦ «ያየው ግን እውነት አልነበረም፤ ታማሚው በሕይወት ሳለ የሐዘን ምልክት ያሳየችው...»

ላቀው፦ እዚህ ላይ «የቤተሰብ አባል» ልበል? ወይም «የሟች ባለቤት» ብዬ ልለፈው? የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ምን ያደርጋል?

ይታክቱ፦ አይሆንም። አዝመራው ተድላ እያለ ዘጠኝ ዓመት ሲጠራው የኖረ ሰው፣ አሁን ይታክቱ በሪሁን ይበል። ከነአባቴ ስም ጻፈኝ።