ዓሣ መሀል ነው ያልኩ ቀን

በእኛ ጊዜማ ሰው ነበር ዓሣ የሚመርጠው። ይሄ ትልቅ ነው፣ ያ ትንሽ ነው ብለን መርጠን እንበላለን፣ አለቀ። እዚህ አገር ግን፣ ስሙኝማ፣ ዓሣው ነው መራጩ! ውሃው ጥርት ካለ ይሄን አልበላም፣ ከደፈረሰ ያንን አልበላም፣ ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ላይ ሌላ፤ እና ሰው ተብዬው ሳጥን ሙሉ የውሸት ትል ተሸክሞ ያባብለዋል። ትስቃለህ ዳዊት? ስልክህን ጠጋ አድርገው፣ በደንብ ይቀዳ። ሄለን፣ አንቺም ተቀመጪ፣ ያንቺው ጉዳይ ነው።

ስድስት ዓመት ሆነው። ይሄ ዳዊት ሄለንን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ፣ እሺ አልን፣ ከዚያ ደግሞ እንተዋወቅ ተብሎ አባቱ አቶ ይርጋ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ብቻቸውን መጡና እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። አቶ ይርጋን ታውቋቸው የለ፣ ቃል ከአፋቸው በመከራ ነው የሚወጣው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መንገዱስ?»

«ደህና ነው።»

«ትራፊክ የለም?»

«አለ።»

በቃ! እናትሽ አልማዝ ከወጥ ቤት ብቅ እያለች በዓይኗ «አጫውታቸው እንጂ!» ትለኛለች። ታዲያ ሲጨንቀኝ «በዕረፍት ቀንዎ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው። «ዓሣ አጠምዳለሁ፤ ባስ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ» አሉ፣ እና ፊታቸው በራ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኮ ነው ፊታቸው ሲበራ ያየሁት። ዝም ብል ምን ነበረበት? «ዓሣማ ለእኔ ይተዉት! ጣና ዳር ነው ያደግኩት፣ ዓሣ ስይዝ ነው የኖርኩት፣ የወረወርኩት ባዶውን ተመልሶ አያውቅም!» አልኳቸው።

አሁን እውነቱን ልናገር። ጣና ዳር ማደጌ እውነት ነው። አባቴ ግን ልብስ ሰፊ ነበር፣ እኔም ዓሣን የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ውሃማ ስፈራ! አንድ ቀን እንኳ ታንኳ ላይ አልወጣሁም፤ ከነጭርሱ ዋና አልችልም።

አቶ ይርጋ ብድግ አሉ። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን? እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሐይቅ አለ ይሉኛል፣ ለሁለታችንም አዲስ ነው። እኔ የማላውቀው ሐይቅ ላይ ግራ ይገባኛል፣ እርስዎ ይመሩናል። የፊታችን ቅዳሜ!» አሉ።

እምቢ ብል ውሸታም፣ እሺ ብዬ ብሄድም ውሸታም። ልጄን በአደራ የምሰጣቸው ሰዎች ናቸው፤ መጀመሪያ የሰሙኝ ቃል ውሸት ሆኖ ሊገኝ! «አባቷ እንዲህ ከሆነ ልጅቷስ?» አይሉም? እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እሺ አልኩ።

ታዲያ መጀመሪያ ላይሰንስ አውጣ ተባልኩ። ዓሣ ለመያዝ ላይሰንስ! ሃያ ሁለት ዓመት ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ስሠራ የስንቱን ላይሰንስ አይቻለሁ፣ የዓሣ ግን አይቼ አላውቅም። አወጣሁ። ከዚያ ዊተን አካባቢ የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ፈረንጅ ነው፣ ክንዱ በሙሉ ንቅሳት። «ውሃው ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ? ሣር አለው? ከዳር ነው የምትወረውረው ወይስ ከጀልባ?» ይለኛል። እኔ ልጄን ልድር ነው፣ እሱ ስለ ሣር ይጠይቀኛል! ያዘነልኝ መሰለኝ፣ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፤ ጥርት ባለ ውሃ ተፈጥሮን የመሰለ ቀለም ነው፣ በድፍርስ ጠቆር ያለ ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ዓሣው ጥላ ይገባል፣ ያኔ በዝግታ ነው፣ ምናምን። እኔ መች ሰማሁት? ዓይኔ አንዷ የውሸት ማጥመጃ፣ ሉር የሚሏት፣ ላይ ቀርቷል። የብር ማንኪያ የመሰለች፣ ከጭራዋ ቀይ ላባ ያላት፣ ስትዞር ታብለጨልጫለች። «እኔ ዓሣ ብሆን ይቺን ነው የምበላው» አልኩ በልቤ። ስድስት ገዛሁ። ስድስቱም እሷው! አልማዝ አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ለዓሣ ነው ወይስ ለሙሽራ ጆሮ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ይርጋና ዳዊት መጥተው ወሰዱኝ። ያን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ገዝቼ ነበርና ከቤት ለብሼው ነው የወጣሁት። ሁለት ሰዓት መንገድ መኪና ውስጥ ላይፍ ጃኬት ለብሼ! አቶ ይርጋ አዩኝና የመኪናውን በር ከፈቱልኝ።

ትንሽ ጀልባ ተከራየን፣ ገባን። ሰፊ ሐይቅ ነው። በግራ በኩል ትልቅ ዛፍ ወድቆ ግማሹ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ በቀኝ ዳርዳሩን ሣር ነው። አቶ ይርጋ «እንግዲህ አቶ መኮንን፣ ከየት እንጀምር?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! እጄን ዘርግቼ «ዓሣ መሀል ነው» አልኩ።

«መሀል?» አለ ዳዊት።

አባቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «አቶ መኮንን መሀል ካሉ መሀል ነው!»

እና መሀል ሄድን። እዚያም ሌላ ጣጣ። «እርስዎ ይጀምሩ» እላቸዋለሁ፣ «ኧረ እርስዎ እያሉ!» ይሉኛል። «በሞቴ!» እላለሁ። «እኔ ልሙት!» ይላሉ። እኛ ስንገባበዝ አንድ ዓሣ አጠገባችን ዘሎ አየንና ሄደ። ታዲያ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ሦስት ሰዓት! ያቺን ማንኪያ እወረውራለሁ፣ እጎትታለሁ፣ እወረውራለሁ፣ እጎትታለሁ፣ በወረወርኩ ቁጥር በግራ እጄ የጀልባዋን ጠርዝ እይዛለሁ። ዳዊት ወደዚያ ወደ ወደቀው ዛፍ ያይና አፉን ይከፍታል፣ አባቱን ያይና ይዘጋል። አሜሪካዊ ቢሆን «ተሳስተሃል፣ ዓሣው ዳር ነው» ይለኝና በአምስት ደቂቃ ነገሩ ያልቃል። የኛ ሰው ግን፣ ትልቅ ሰው ከተናገረ በቃ፣ ሐይቁ ይድረቅ እንጂ ትልቅ ሰው አይታረምም!

በመጨረሻ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንቴ ወጠረኝ። ያንን ደግሞ እንዴት ብዬ ልናገር? ድንገት የሱቁ ልጅ ቃል ትዝ አለኝና «ፀሐይ በረታ፣ አሁን ዓሣው ወደ ዳር ጥላ ፍለጋ ይሄዳል» አልኩ። «እውነትዎን ነው!» አሉ አቶ ይርጋ፣ እና ሞተሩን ለማስነሳት የቸኮሉት መቸኮል! ወረድኩ፣ ጉዳዬን ጨረስኩ፣ ተመለስኩ፣ ዛፉ ጋ ቆምን።

ታዲያ አቶ ይርጋ ከሳጥናቸው ጥቁር የላስቲክ ትል አወጡ። «ይቺ በእኔ እጅ ቀንታ አታውቅም፣ በእርስዎ እጅ እስቲ እንያት» አሉና የኔን ማንኪያ ፈትተው እሷን አሰሩልኝ። «ከዛፉ ሥር ጣል ያድርጓት፣ ትስመጥ፣ ከዚያ ትንሽ ጎተት አድርገው ዝም። ጣናም እንደዚህ አልነበረ?» አሉኝ።

«እንደዚሁ ነው» አልኩ፣ ምንም ሳላፍር።

ጣልኳት። ሰመጠች። ጎተት፣ ዝም። ጎተት፣ ዝም። ከዚያ ከበደኝ። «ዛፍ ያዘኝ!» አልኩ።

«ዛፍ ይሄዳል እንዴ ጋሼ?» አለ ዳዊት።

«እመብርሃን!» ብዬ ጮህኩ፣ ሐይቁ በሙሉ ሰማኝ። ክንዴን የሚያክል ዓሣ ከውሃ ዘሎ ወጣ፣ እኔም አብሬው ልዘል ምንም አልቀረኝም፣ ዳዊት በላይፍ ጃኬቴ ያዘኝ። አቶ ይርጋ የዓሣውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ይዘው አወጡትና፣ ሲያቅፉት ብታዩ! «እንልቀቀው?» አሉኝ።

እንልቀቀው ይላሉ! የሰኔ ጾም ነው፣ አልማዝ ድስት ጥዳ ትጠብቀኛለች። እኔ ግን ያው ነኝ፣ «እንዴታ፣ ጣናም እንለቅ ነበር!» አልኩ። ለቀቅነው። ቤት ገብቼ ሽሮ በላሁ።

ከዚያ ሠርጉ ላይ አቶ ይርጋ ማይክ ይዘው «ዓሣ ፍለጋ ያስተማሩኝ አቶ መኮንን ናቸው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ! ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንሂድ ባሉኝ ቁጥር ጉልበቴን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቀጠሮ አለኝ፣ እያልኩ ሸሸሁ። ምክር ግን አልነፈግኩም፤ «መጀመሪያ መሀል ሞክሩ፣ ካልሆነ ዳር» እላለሁ፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ዛሬ ለምን እንደተናገርኩ ልንገራችሁ። ባለፈው እሑድ አቶ ይርጋ የልጅ ልጃችንን «አያትህ እኮ ትልቅ ዓሣ አጥማጅ ናቸው» ሲሉት ሰማሁ። ልጁም አምኖ አየኝ። አፈርኩ። እስካሁን ስስቅበት የኖርኩት ነገር ያን ቀን ከበደኝ። በቃ፣ ይሄው ነው፤ ዋሽቻለሁ። አባትህ ምን ይሉኝ ይሆን ዳዊት?

— ጋሼ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርዎት?

— ንገረኝ።

— አባዬ ያን ሐይቅ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ዛፉንም ያውቀዋል። ያን ዕለት ከዚህ ቤት ወጥቶ መኪናውን ሳያስነሳ ነው ደውሎ «ሰውየው ዓሣ ይዘው አያውቁም» ያለኝ።

— በምን አወቁ?

— «ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ያመለጠውን ነው የሚያወራው፣ እሳቸው አንድም አላመለጣቸውም» አለኝ። ለሁለታችንም አዲስ ነው ያለው እርስዎ ባዶ እጅዎን ቢመለሱ እንዳያፍሩ ነው። ከሐይቁ ስንመለስ ደግሞ «ውሃ እየፈሩ ሦስት ሰዓት መሀል ሐይቅ የተቀመጡት ለልጃቸው ብለው ነው። ይቺን ልጅ እንዳታሳዝናት» አለኝ።

— አልማዝ! ትሰሚያለሽ?

— እሰማለሁ። እኔማ ያን ጃኬት ለብሰህ ስትጠብቃቸው ነው የደወልኩላቸው። «አደራዎን፣ ዋና አይችልም» ብዬ።

ኧረ በሕግ! ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ ስመክራችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ! በሉ ደውሉላቸው። ቅዳሜ እንሂድ በሏቸው፣ ሌላ ሐይቅ፣ ግን እሳቸውም የእውነት የማያውቁት ይሁን። አልማዝ፣ ጃኬቴን ፈልጊልኝ። እና ዓሣው የት ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ «እኔ እንጃ» ነው የምላቸው።