ሕፃኑ እንዳይበርደው

አያቴ፣ ጉልበትዎ እንዴት ዋለ? ... የዛሬው ብርድ እኮ ለብቻው ነው። ጠዋት ለዶሮዎቹ ውሃ ላደርስ ወጥቼ አፍንጫዬ ከውስጥ ተጣበቀ። እውነቴን ነው! ባለፈው ሐሙስ የከተማው ትምህርት ቤት በብርዱ ምክንያት ተዘጋ ሲባል እማዬ ምን እንዳለች ሰምተዋል? «ደስ ሲል! እንግዲያውስ ዛሬ ላቲኑን ቀደም ብለን እንጀምረው።» ትምህርት ቤቱ ኩሽና ውስጥ ከሆነ ምኑ ይዘጋል? የፍሪጁ በር?

ሊጡን ትንሽ ላሳሳው? እሺ። ኮከቦቹን እርስዎ ይቁረጡ፣ በጎቹን ለእኔ ይተዉልኝ። የእኔ በጎች ሁልጊዜ አሳማ ነው የሚመስሉት፣ ግን ዋናው ልባቸው ነው። ቅርንፉዱን ያቀብሉኝ እስቲ።

ጮክ ብዬ የማወራው ለጆሮዎ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሰው እንዲሰማኝ አይደለም። ደግሞ ማን አለና? አባዬ የሐይቁን በረዶ ቦርቡሮ ለዋዜማ እራት ዓሣ ሊያወጣ መንትዮቹን ይዞ ሄዷል። እማዬ ፎቅ ላይ የሁላችንን ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ኦዲሊያ ጠረጴዛው ሥር ናት። እና ... አንድ ሰው ደግሞ እዛ ምድጃው ጋ ተቀምጦ የቅዱሳን ታሪክ እያነበበ ነው። ይተዉት ያንብብ፣ አይዩት። ከተቀመጠ ጀምሮ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠም። እንዴት ያለ ጥልቅ ገጽ ይሁን?

ስም አልጠራም እኔ። ስም ጠርቶ ማውራት ሐሜት ነው ትላለች እማዬ። ብቻ ከአምስት ልጅ መሃል አንድ ቅዱስ ማግኘት ትንሽ ነገር ነው? ያውም በኩሩን! በሚቀጥለው ዓመት ቄስ ለመሆን ዘርዓ ክህነት ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ገናን ከእኛ ጋር አይውልም። ታዲያ ዘንድሮ የሸክላውን ሕፃን ኢየሱስ ግርግም ውስጥ የማስተኛት ተራው የማን ነበር? የእሱ። የመጨረሻው። ምን አለ ግን? «ተራዬን ለኦዲ ሰጥቻለሁ።» እማዬ እዛው አለቀሰች። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ምንም ያልነካውን ዓይኑን ጠረገ። አባ ሽሮደር ለቅዳሴ አገልጋዮቹ በሙሉ ተናገሩለት። እርስዎም ካልሲ ሠሩለት ... ሁለት ጥንድ! እኔ በአስራ አምስት ዓመቴ ከእርስዎ ያገኘሁት ኮፍያ ነው፣ እሱም ለአንገቴ ነው የሆነው።

አልቀናሁም! ለምን እቀናለሁ?

እኔን የሚገርመኝ የመረጣት ልጅ ናት። ኦዲን! ስድስት ዓመቷ ነው። አምና የመልአኩን ክንፍ የሰበረችው ማን ናት? ኦዲ። የሾርባውን ጎድጓዳ? ኦዲ። በዚህ ቤት አንድ ነገር ኳ ካለ፣ ገና ሳይታይ ሁሉም በአንድ አፍ «አይ ኦዲ!» ነው የሚለው። ሌላ ሰው ቢሆን የእናትዎን የሸክላ ሕፃን፣ ያን በመርከብ በካልሲ ተጠቅልሎ ባሕር የተሻገረውን፣ ለእሷ ይሰጥ ነበር? ይፈራል እንጂ። እሱ ግን አልፈራም። አንድ ነገር ቢሰበር ማንም ሌላ ሰው የማይጠረጠርባትን ልጅ ፈልጎ፣ መርጦ፣ ማመን ... ይኼ ከላይ የተሰጠ ልብ ነው፣ አያቴ። እኔ እንኳ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ አይመጣልኝም፣ በቅዱስ ኒኮላስ ቀን፣ ሁሉም ጫማው ውስጥ ከረሜላ ሲጠብቅ፣ በድንች ልጣጭ የሞላሁት እኔ!

ቅዳሜ ንስሐ ስንሄድ አላዩትም? ሁላችንም ቫኑ ውስጥ ታጭቀን፣ ጓንትና ኮፍያ ተደባልቆ፣ እኔ ገና የጃኬቴ ዚፕ ተይዞብኝ ስታገል እሱ መናዘዣው ገብቶ ወጣ። ገባ ... ወጣ! አንዲት «ሰላም ለኪ ማርያም» እንኳ አታደርስም። እኔ ስገባ ከኋላዬ የተሰለፉት ወንበር ይፈልጋሉ። ለካ ሰው እንዲህ ንጹሕ ሲሆን ጊዜም ይቆጥባል።

ያንን አንዱን ቆርጠውታል አያቴ፣ ያልተቆረጠውን ይቁረጡ።

እኔማ ሰሞኑን ሕልም ያስቸግረኛል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ምን አለምኩ መሰለዎት? አተር ላመጣ ምድር ቤት ወርጃለሁ። አንድ ሰው የአባዬን የመታጠቢያ ካባ እንደ ጳጳስ ደርቦ መስታወት ፊት ቆሟል። ዓይኑን ጨፍኗል። የእናትዎን ሕፃን ከሳጥኑ አውጥቶ፣ በፎጣ ይዞ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ቀኝ ... ወደ ግራ ... ማቀዝቀዣውን እየባረከው ነው! ሰው የሚባርከው ምእመን እስኪያገኝ በአተር ቢለማመድ ምን ነውር አለው? ድምፁም ያምራል። ወደ ግራ ሲመለስ ብቻ ኳ አለ። ማቀዝቀዣው ነው ብዬ ነቃሁ። አሮጌ አይደል፣ ድሮም ኳ ይላል።

ሕልም ነው አልኩዎት እኮ። ይቁረጡ፣ ሊጡ ይደርቃል።

ከዚያ ደግሞ በማግስቱ፣ ይኼኛው ሕልም አይደለም፣ ጠረጴዛ ላሰናዳ ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች የምናበራቸውን ሻማዎች ሳነሳ አንደኛው ሐምራዊ ከሥሩ ተቦርቡሯል። አይጥ ነው አልኩ። ግን እንዴት ያለች ሥርዓት ያላት አይጥ ናት? በስለት፣ ቀጥ አድርጋ! በዚህ ቤት ሰንጢ መያዝ የተፈቀደለት አባዬ ነው ... እና ሌላ ማን ነበር? ጠፋኝ። ይመጣልኝ ይሆናል።

እሺ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። ዛሬ ጠዋት የሕፃኑን ሳጥን ገለጥ አድርጌ አይቻለሁ። የዋዜማው ምሽት ሳይደርስ ማየት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፣ ለአባ ሽሮደር እነግራቸዋለሁ፣ ለእኔ የኃጢአት መዝገብ ይቺ ምን አላት? አያቴ ... ሕፃኑ ቀኝ እጁ ላይ ድሮም አምባር ነበረው? ሐምራዊ፣ ቀጭን፣ አንጓው ዙሪያ? አልነበረውም? ... እንግዲህ አድጓል። ልጅ ሲያድግ ጌጥ ይወዳል።

ምነው፣ መቁረጡን ተዉት?

በጣም ስላሳዘነኝ ደግሞ ሳጥኑን ከቀዝቃዛው ጓዳ አምጥቼ፣ ያው ያንን ምድጃ፣ ከላዩ ጓንት የምናደርቅበት ብረት መደርደሪያ አለ አይደል? እዛ ላይ አስቀመጥኩት። እኛ ተኮማትረን እሳት ስንሞቅ እሱ ምን በወጣው? ሕፃኑ እንዳይበርደው ብዬ ነው። ከምሳ ጀምሮ እየሞቀ ነው። ሸክላ ደግሞ ከእሳት የወጣ ነው፣ እሳትን አይፈራም፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ሰም ቢሆን ይቀልጣል ይባላል። ሸክላ ላይ ሰም ምን ይሠራል?

... አዩ? መጽሐፉ ተዘጋ። ቅዱሱ ሰማዕት ሆኖ አለቀ መሰለኝ።

ውይ ተነሳ! እንጨት ሊጨምር ይሆን? እንጨቱ ሞልቷል። ጓንቱን ፈልጎ ነው? ጓንቱ ኪሱ ውስጥ ነው። አይ ... ሳጥኑን ነው ያነሳው። ከሙቀቱ አራቀው! አያቴ፣ እርስዎ የሸክላው ባለቤት ዝም ብለው ተቀምጠው እሱ ተጨነቀ። ምን ዓይነት አሳቢ ሰው ነው? እዚህ ቤት ማንም ሰው ይህን ሸክላ ሙቀት ያስፈራዋል ብሎ ያሰበ የለም። እሱ ብቻ። ከየት አወቀው?

እሽ ... አንድ ነገር አልሰሙም? እሱ ሲያነሳው፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ኮ ... ኮር ... የሚል። ትንሽ ነገር የተንከባለለ ይመስላል። ባቄላ የምታክል። የእኔ ጆሮ ነዋ።

ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ግን አይተዋታል? ይቺን ኦዲን? ከሳምንት ጀምሮ ድንች በፎጣ ጠቅልላ ከደረጃው እስከ ግርግሙ ትመላለሳለች። በቀን አስር ጊዜ። ትናንት አስተኝታው ሲያበቃ ሳመችው። ድንቹን! አንድ ቀን አልጣለችውም፣ ይኼን እኔ እመሰክራለሁ። ማታ ፀጉሯን ስሠራላት ምን አለችኝ? «ዚታ፣ ዛሬን ምንም ካልሰበርኩ፣ ያኛውን ሁሉ ይረሱልኛል?» አለችኝ። እኔ ቀልደኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀልድ፣ ይረሱልሻል አልኳት።

ስንት ሰዓት ሆነ? ዘጠኝ። ሕፃኑን ወደ ግርግሙ የምንሸኝበት ሰልፍ አስራ አንድ ሰዓት ነው። የአባዬ ሙጫ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ከመፍቻዎቹ ጋር አለ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው በአንድ ሰዓት ይደርቃል ነው የሚለው። ዝም ብዬ ነው የምነግርዎ። የአንድ ሰው አፍ ለመከፈት ደግሞ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? የቅዳሜዋን ያህል እንኳ አይፈጅም። አያቴ የተሰበረ ነገር ላይ አይቆጡም፣ አይደል? የሚቆጡት በተደበቀ ነገር ነው። አዎ ይበሉ ... ጮክ ብለው፣ እሳቱ እየተንጣጣ አይሰማም።

ቆይ፣ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ጓዳው በር ነው? ... ቆመ። ጓዳው ይበርዳል፣ እውነቱን ነው። ... ዞረ። ወደ እኛ ነው አያቴ! ሊጡን ገፋ ያድርጉለት፣ እዚህ ጋ ያስቀምጠው። ዱቄቱ ምንም አይደል። እጅዎን ይጥረጉ። ፊቱ ቀልቷል፣ ምድጃው አጠገብ ብዙ ስለቆየ ነው። ኦዲ፣ ድንችሽን ያዢና ውጪ፣ ጉድ እንዳያመልጥሽ። አይዞሽ፣ አንቺን ማንም አልጠራሽም። ዛሬ ማንም «አይ ኦዲ!» አይልም።

እስቲ ሳጥኑ ሳይከፈት እኔ ልመርቀው፣ ከእርስዎ በፊት። ምርቃት ከታናሽ አይሆንም እንዴ? ይሁን።

እግዜር በሄደበት ይቅደምለት። መሠዊያ ፊት ቆሞ እንደዚያ እንደ ምድር ቤቱ አሳምሮ ለመባረክ ያብቃው። የያዘው ሁሉ ይጽናለት። እና እንዲህ ከልቡ ደብቆ፣ ጠብቆ፣ ሳይለየው እንደኖረ ሁሉ ... ዕድሜ ልኩን የሕፃኑ እጅ አይለየው!

አሜን ይበሉ እንጂ፣ አያቴ።