ከውኃ ስር የተሰማ ጥሪ

እስራኤል ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ካርሜ ጋት ሰፈር በሚሄደው አውቶብስ ላይ፣ ከኋላዬ አንድ አባትና ወጣት ሴት ልጃቸው ተቀምጠው ነበር።

«አባዬ፣ ካልተቆጡ አንድ ነገር ልንገርዎ።»

«ንገሪኝ።»

«ባለፈው ኤላት ባሕር ውስጥ ስጠልቅ፣ የተጣለ መረብ እግሬን ያዘኝ።»

«እኔስ ይኸን አይደል የምፈራው። ጮኽሽ ታዲያ?»

«አፌ ላይ የአየር ቧንቧ አለ፣ መጮህ አይቻልም። ጀርባዬ ላይ ያዘልኩትን የአየር ሲሊንደር በብረት መታሁት።»

«ሰሙሽ?»

«አብረውኝ የጠለቁት ሁሉም ሰሙ። ግን ውኃ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም። ሌሎቹ ግራ ሲገባቸው፣ ዮሲ የሚባል ልጅ ዙሪያውን እየዞረ ፈልጎ አገኘኝ። መረቡን ቆርጦ፣ እስክንወጣ ድረስ እጄን አልለቀቀም።»

«ከወጣችሁ በኋላስ?»

«ከወጣን በኋላም አልለቀቀም፣ አባዬ።»



«የማን ልጅ ነው?»

«ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው።»

«በርበሬ ይችላል?»

«ከእኔ ይበልጣል።»

«እንግዲያው ለሻባት እራት ይዘሽው ነይ።»

«አልተቆጡም?»

«ምን ያስቆጣኛል? ይምጣና እጁን ልሳመው።»

ጆሮዬ ውስጥ የሰካሁትን ማዳመጫ፣ ዘፈኑን ከዘጋሁት ቢቆይም፣ የምሰማቸው እንዳይመስላቸው፣ እነሱ እስኪወርዱ ድረስ አልነቀልኩትም።